«ዲሊት» ያልነው ሁሉ ጠፍቷልን?



ለመሆኑ በኮምፒዩተር ላይ አንድ ጽሑፍ መርጠን «ዲሊት» የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ጽሑፉ የት ይሄዳል? ብዙዎቻችን «ጠፋ፣ አለቀ» ብለን ተነሥተን እንሄዳለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጽሑፉ የትም አልሄደም። በነበረበት ቦታ ተኝቶ ይቆያል፤ የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው።

ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን እንደ መምህር የብዙ ሰው ምሥጢር በእጁ የሚገባ ባለሙያ ጥቂት ነው። ፈተና እናወጣለን፤ የተማሪ ውጤት እንመዘግባለን፤ ሮስተር እናዘጋጃለን፤ የወላጅ ስልክ ቁጥር፣ የልጁን የጤና ችግር፣ አንዳንዴም የቤተሰቡን ኑሮ እንጽፋለን። ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀት ሆኖ በቁም ሣጥን ይቆለፍ ነበር። ዛሬ ግን ከአውራ ጣት በማትበልጥ ፍላሽ ውስጥ ገብቶ በኪሳችን ይዞራል። ዛሬ ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የምንወጣ ዕጩዎች፣ ነገ በሙሉ መምህርነት የምንመደብ በመሆናችን፣ ነገሩን ከአሁኑ ማወቅ ይገባናል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ፣ በመጀመሪያ ጽሑፉ የማይጠፋበትን ምክንያት፣ ቀጥሎ በዚህ ሳቢያ በዓለም የደረሰውንና በአገራችን ያለውን ሕግ፣ በመጨረሻም በእርግጥ የሚጠፋበትን ዘዴ እንመለከታለን።

ነገሩ እንዴት ነው?

አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ናቸው። በበሩ አጠገብ ደግሞ የካርድ ሣጥን አለ፤ እያንዳንዱ ካርድ «ይህ መጽሐፍ በዚህ መደርደሪያ፣ በዚህ ረድፍ ይገኛል» ይላል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ካርዱን ብቻ ቢቀድ መጽሐፉ ጠፋ ይባላልን? አይባልም። ካርዱን ብቻ የሚያይ አንባቢ አያገኘውም እንጂ፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው ያገኘዋል።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ዲስኩ እጅግ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች አሉት። ከእነዚህ ለብቻው ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኞቹ ክፍሎች እንደ ተቀመጠ የሚገልጽ ማውጫ አለ። «ዲሊት» ስንል ኮምፒዩተሩ የሚነካው ማውጫውን ነው። ለምሳሌ በብዙ ፍላሾች ላይ የሚሠራው ፋት የተባለው አሠራር የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ይተካና፣ ፋይሉ የነበረባቸውን ክፍሎች «ባዶ ናቸው፤ ለሌላ ይሰጡ» ብሎ ይመዘግባል። ጽሑፉን ራሱን አይነካውም። እንዲህ የሚያደርገው ለፍጥነት ነው፤ ትልቅ ፊልም በአንድ ቅጽበት «የሚጠፋው» ስለዚህ ነው። የእንጅባራን ቀርከሃ ያየ ሰው ነገሩ በቶሎ ይገባዋል፤ ግንዱ ቢቆረጥም ሥሩ ከመሬት በታች አለ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይወጣል።

ሪሳይክል ቢን የሚባለው ቅርጫት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። እዚያ የገባ ፋይል ካርዱ እንኳ ገና አልተቀደደም፤ ከአንድ ሣጥን ወደ ሌላ ሣጥን ተዛወረ እንጂ። ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ካርዱን መቅደድ ነው። «ኩዊክ ፎርማት» የሚባለውም ቢሆን የካርድ ሣጥኑን በሙሉ በአዲስ ሣጥን መለወጥ ማለት ነው፤ መጻሕፍቱ ግን በየመደርደሪያቸው ናቸው።

መደርደሪያውን አንድ በአንድ የሚፈትሹ ፕሮግራሞች ደግሞ በነጻ ይገኛሉ። ሪኩቫና ፎቶሬክ የሚባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ስለዚህ የተደለዘ ፋይል ማውጣት የሊቃውንት ጥበብ አይደለም፤ ጥቂት ትዕግሥት ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል።

ቅሪቱ ምን ያህል ይናገራል?

አንዳንዱ «አዲስ ነገር በላዩ ስጽፍበት ይጠፋ የለም ወይ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ በዚያው ክፍል ላይ ሌላ ከተጻፈበት ይጠፋል። ነገር ግን አዲሱ ጽሑፍ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያርፍ የምንወስነው እኛ አይደለንም፤ አንዱ ክፍል ሲሸፈን ሌላው እንዳለ ይቀራል።

ታዲያ አንድ ክፍል ቢቀር ምን ይዞ ይቀራል? እስቲ እናስላው። በብዙ ዲስኮች ላይ የአንዱ ክፍል መጠን 4,096 ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አንድ ተማሪ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም 10 ያህል ፊደል ቢሆን 30 ባይት ነው። ባዶ ቦታዎቹንና ውጤቱን ጨምረን 40 ባይት እንበለው። 4,096ን ለ40 ብናካፍል 102 ይሆናል። እንግዲህ በተራ ጽሑፍ ከተቀመጠ ዝርዝር ውስጥ ከተረፈች ከአንዲት ቅሪት የአንድ መቶ ተማሪዎች ስምና ውጤት ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ቅሪት ስለሆነች ብቻ ልትናቅ አይገባም።

በሌላው ዓለም ምን ደረሰ?

በእ.ኤ.አ. 2003 በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጋርፊንክልና ሼላት፣ ከገበያ ስለ ገዟቸው 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከእነዚህ 129ኙ ይሠሩ ነበር። በሚገባ ተደምስሰው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። በቀሩት ውስጥ የሰዎች የግል ደብዳቤ፣ የሕክምና ጉዳይና ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኘ።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ደግሞ የጋናው ታሪክ አለ። ከበለጸጉት አገሮች አሮጌ ኮምፒዩተሮች በመርከብ እየተጫኑ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይገባሉ። በእ.ኤ.አ. 2009 ከካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በቴማ ከተማ ገበያ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ በ40 ዶላር ገዙ። ሲከፍቱት ኖርዝሮፕ ግራማን የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስላደረጋቸው ውሎች የሚገልጽ ሰነድ ወጣበት። የዚያን ያህል ገንዘብና ጥበቃ ያለው ኩባንያ ይህ ከደረሰበት፣ የእኛ ፍላሽ እንዴት ይሆናል?

እኛን በተለይ የሚመለከተን ግን የፎቶኮፒው ነገር ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ዲጂታል የፎቶኮፒ መሣሪያዎች በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ የሚያባዙትንም ገጽ ምስል በዚያ ሊያስቀሩ ይችላሉ። በእ.ኤ.አ. 2010 የአሜሪካው ሲቢኤስ የቴሌቪዥን ድርጅት ያገለገሉ የፎቶኮፒ መሣሪያዎችን ገዝቶ ሲያስመረምር የፖሊስ ሰነድና የሕሙማን መዝገብ አገኘ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የአፊኒቲ የጤና መድን ድርጅት የነበረ ሲሆን፣ ድርጅቱ በእ.ኤ.አ. 2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተደርጓል።

ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ትልቅ የገንዘብ ተቋምም አሮጌ ዲስኮቹን እንዲያስወግድ የቀጠረው በዚህ ሥራ ልምድ የሌለውን የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። ዲስኮቹ ከነመረጃቸው ለገበያ ቀረቡ። በእ.ኤ.አ. 2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደበት።

በአገራችንስ?

በአገራችን ጉዳዩ በሕግ ከተያዘ ቆይቷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተርና መረጃ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ከዚያም መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 1321/2016ን፣ አጸደቀ። በዚህ አዋጅ መሠረት የሰው የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መያዝ የለበትም፤ ባለቤቱም መረጃው እንዲታረምለት ወይም እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው። ማስፈጸሙ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ «እንዲሰረዝ» የሚለው ቃል በሕግ ሲጻፍ፣ ካርዱን ቀድዶ መጽሐፉን በመደርደሪያ መተው ማለት ሊሆን አይችልም።

ፈተናን በተመለከተም ትምህርት የሚሆነን አለ። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ነበር። የዚያ መንሥኤ ያልተደመሰሰ ዲስክ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ፈተና ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚያስከትለው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየናል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ከፍላሽ የወጣም እንዲሁ ነው። የክፍላችን ፈተና በመላ አገር አያስወራ ይሆናል፤ ሌሊት ያጠናውን ተማሪ ግን ከኮረጀው ጋር እኩል ያደርገዋል። ይሄ ደግሞ ትንሽ በደል አይደለም።

አሁን በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አንድ መምህር ፈተናውን ለማሳተም ወደ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ የሚሆነውን እንመልከት። ፍላሹ ይሰካል፤ ፋይሉ ወደ ዴስክቶፕ ይገለበጣል፤ ወይም «በቴሌግራም ላክልኝ» ይባላል፤ ይታተማል፤ ሒሳብ ይከፈላል። ፋይሉ ግን በዴስክቶፑ ላይ፣ ወይም በቴሌግራም ማውረጃ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ነገ ጠዋት ከዚያው ወንበር ላይ የቤት ሥራውን ሊያሳትም የሚቀመጠው የዚያው መምህር ተማሪ ሊሆን ይችላል። ይህን ስንል የጽሕፈት ቤት ባለቤቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራቸው ማተም ነው። ምሥጢሩን የመጠበቁ ኃላፊነት የባለ ፈተናው ነው።

እንዴት ይደመሰስ?

መልሱ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

ሀ) ሃርድ ዲስክ። ይህ በውስጡ የሚሽከረከር፣ በማግኔት ኃይል የሚጻፍበት ሰሌዳ ያለው ነው። መድኃኒቱ በነበረው ላይ ሌላ መጻፍ ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዳስተር ጠርገን፣ ከዚያ ጠመኔውን አጋድመን ሰሌዳውን በሙሉ ነጭ ብናደርገው የቀድሞውን ማን ያነብባል? በዊንዶውስ «ፎርማት» ስንል «ኩዊክ ፎርማት» በሚለው ፊት ያለውን ምልክት ብናነሣው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያሉት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላሉ። ኮምፒዩተሩን ሳናጠፋ ባዶ የተባሉትን ክፍሎች ብቻ ለመሸፈን ደግሞ «ሳይፈር» የሚባለው ትእዛዝ በዊንዶውስ ውስጥ አለ። ሥራው ግን ጊዜ ይፈጃል። 500 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍበት 5,000 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሁለት ሰከንድ «ተደመሰሰ» ካላችሁ እንግዲያው አልተደመሰሰም።

ለ) ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ኤስ ኤስ ዲ። እነዚህ የሚሽከረከር ሰሌዳ የላቸውም። እያንዳንዱ ክፍላቸው ሊጻፍበት የሚችለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያረጃል። ስለዚህ በውስጣቸው ያለው ተቆጣጣሪ ሥራውን በክፍሎቹ ላይ በተራ ያዳርሳል። በፋግታ ለኮማ አርሶ አደሩ ማሳውን ለጥቂት ዓመት በዲከረንስ ዛፍ ሸፍኖ፣ ዛፉን ለከሰል ቆርጦ፣ እንደገና እህል እንደሚዘራበት ሁሉ፣ እዚህም አንዱ ቦታ ብቻ እንዳይደክም ይዘዋወራል። ኤስ ኤስ ዲ ላይ ደግሞ ለተጠቃሚው የማይታይ መጠባበቂያ ቦታ አለ። ከዚህ የተነሣ «በዚያው ፋይል ላይ ጻፍኩበት» ስንል፣ አዲሱ ሌላ ቦታ አርፎ አሮጌው እንዳለ ሊቀር ይችላል። በእ.ኤ.አ. 2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የተደረገ ጥናት፣ ለሃርድ ዲስክ የተዘጋጁት አንድን ፋይል ብቻ ለይቶ የመደምሰስ ዘዴዎች በኤስ ኤስ ዲ ላይ እንደማይሠሩ አረጋግጧል። ስለዚህ ኤስ ኤስ ዲ ሲሆን ፋብሪካው ያዘጋጀውን የመደምሰሻ ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ፍላሽ ሲሆን ደግሞ በሙሉ ፎርማት መሙላቱ አብዛኛውን ይሸፍናል። 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍበት 27 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሻይ ጠጥቶ መመለሻ ጊዜ።

ሐ) የእጅ ስልክ። ስልክ ሲሸጥ ወይም ሲለወጥ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ መደለዝ ብቻ በቂ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ጋር አዲስ የሚሸጡ ስልኮች ሁሉ መረጃቸውን በምስጠራ እንዲያስቀምጡ ግዴታ ሆኗል። በእነዚህ ስልኮች ላይ «ፋክተሪ ሪሴት» ስናደርግ የምስጠራው ቁልፍ ይጠፋል፤ ቁልፉ የጠፋበት ምስጢር ደግሞ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። ከዚያ በፊት ግን የጉግል አካውንታችሁን አውጡ፤ ከቴሌብርና ከባንክ ፕሮግራሞች ውጡ፤ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን ንቀሉ። ሚሞሪ ካርዱን ረስቶ ስልኩን የሚሸጥ ሰው ቤቱን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደሚሄድ ነው።

መ) የማይሠራ ዕቃ። ዲስኩ ተበላሽቶ መጻፍ ካልተቻለ የቀረው መንገድ መስበር ነው። የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 የአሜሪካን የስለላ ምሥጢር የያዙ ኮምፒዩተሮቹን፣ የመንግሥት ባለሙያዎች ቆመው እያዩ፣ በመሰርሰሪያና በመፍጫ መሣሪያ ሰባብሯል። እኛ ያን ያህል አንሄድም፤ የሃርድ ዲስኩን ሰሌዳ በመሰርሰሪያ ብዙ ቦታ መብሳት፣ የፍላሹን ትንሿን ጥቁር ቺፕ መሰባበር በቂ ነው። ማቃጠል ግን አይገባም፤ ጢሱ መርዝ ነው።

የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

«ሠላሳ አምስት ጊዜ ካልተጻፈበት አይጠፋም» የሚባል አለ። ይህ ቁጥር የመጣው ፒተር ጉትማን የተባሉ ሊቅ በእ.ኤ.አ. 1996 ከጻፉት ጥናት ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ልዩ ልዩ ዲስኮች ሁሉ ለማዳረስ የታሰበ ነበር። ሊቁ ራሳቸው ለዘመናዊ ዲስክ ይህ ሁሉ እንደማያስፈልግ በኋላ ገልጸዋል። ናይስት የተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋምም በእ.ኤ.አ. 2014 ባወጣው መመሪያ ለሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ መጻፍ እንደሚበቃ አስታውቋል።

«ማግኔት ባስጠጋው ይጠፋል» የሚሉም አሉ። ተራ ማግኔት ሃርድ ዲስክን አይደመስስም፤ ለዚህ የተሠራ ኃይለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፍላሽንና ኤስ ኤስ ዲን ደግሞ ያም ቢሆን አይነካቸውም፤ በማግኔት አይጻፍባቸውምና።

«ከቴሌግራም ለሁለታችንም ደልዤዋለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። መልእክቱ ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል፤ ተቀባዩ ቀድሞ ያወረደው ቅጂ ግን በእሱ ዕቃ ላይ አለ።

ከሁሉ የሚቀለው

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ለመደምሰስ ከመድከም አስቀድሞ መቆለፍ ይሻላል። በወርድ የጻፍነውን ፈተና በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል፤ ፍላሹን በሙሉ የሚቆልፍ ቬራክሪፕት የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ። የተቆለፈ ፋይል ቢደለዝና ተመልሶ ቢወጣ እንኳ፣ የይለፍ ቃሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ የሚነበብ ነገር የለውም።

በጽሕፈት ቤት ስናሳትም ደግሞ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ከፍተን እናሳትመው እንጂ ወደ ዴስክቶፕ አይገልበጥ። ለጊዜው የሚቀመጥ ቅጂ እዚያም ሊቀር ስለሚችል፣ ሥራው ሲያልቅ ባለቤቱን በትሕትና ጠይቀን የማውረጃውን ፎልደርና ቅርጫቱን አብረን እንይ። ከተቻለ ግን ፈተና ከትምህርት ቤቱ አታሚ ውጭ ባይታተም ይመረጣል።

የማይደመሰስም አለ

ይህን ሁሉ ስናነብ እጃችን እንዳይፈጥን። የተማሪ ሮስተርና የውጤት መዝገብ የመምህሩ የግል ንብረት አይደለም። ልጁ ከዓመታት በኋላ ትራንስክሪፕቱን ሊጠይቅ ይመጣል፤ «ደምስሼዋለሁ» ቢባል የሕይወቱ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ዋናው መዝገብ በሪከርድ ክፍል መኖሩ ሳይረጋገጥና ኃላፊው ሳይፈቅድ ምንም አይደምሰስ። የሚደመሰሰው በየኪሳችን፣ በየፍላሻችንና በየስልካችን የቀረው ትርፍ ቅጂ ነው።

በመጨረሻም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የኮሌጃችን የኮምፒዩተር መምህራን በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በራሳቸው ፍላሽ ላይ አንድ ጽሑፍ ደልዘው እንደገና ሲያወጡት ቢያሳዩን፣ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ያ ያስተምረናል። ሁለተኛ፣ ለልምምድ የምንወጣ ዕጩዎች ከትምህርት ቤቱ ስንመለስ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝርና ውጤት ለትምህርት ቤቱ አስረክበን፣ በፍላሻችን የቀረውን በሙሉ ፎርማት ደምስሰን መመለስን ደንብ እናድርገው። 27 ደቂቃ ነው።

የክፍል ተማሪዎቻችን ወላጆች ልጆቻቸውን በአደራ ሲሰጡን ስማቸውንና ውጤታቸውንም አብረው ሰጥተውናል። አደራ ደግሞ «ዲሊት» በማለት ብቻ አይወርድም።